የሰረዝኳቸው ጭረቶች

ካማጉዌይ፣ ጁን 4 ቀን

ለተወደድሽው የክርስትና ልጄ፦

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር መረዳት አለብሽ። ይህን ደብዳቤ የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ግን እናትሽ ናት። የእጅ ጽሑፏን አይተሽ ሳታነቢ እንዳታስቀምጪው ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርሽ። ቃሉ የእኔ ነው። የምለውን ሁሉ፣ ቢያስቃትም ቢያናድዳትም፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ ቃል አስገብቻታለሁ። ስለ ምን እንደማወራ ግን አልነገርኳትም። ለልጇ ሰላምታ የምንልክ መስሏት ነው እስክሪብቶ ያነሳችው።

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? እኛ በሙቀት ስንቀቀል እናንተ ጋ ብርዱ የሚብስበት ጊዜ ነው አሉኝ። ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ ሰው አያስቆምም ትላለች ኢግናሲያ። ኢግናሲያን ታስታውሻታለሽ፣ የፋርማሲዋን፤ ቅዳሜ ወደ ሞንቴቪዴዮ ስለምትበር ይህን ደብዳቤ በእጇ ታደርስልሻለች። ደረትሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ብርድ አይችልም፤ አንገትሽን ሸፍኚ። ሥራሽስ? በአንድ ትልቅ ሱቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታነሺያለሽ ብለው ነገሩኝ። ሐሰት ቢሆን ደስ ይለኛል። እውነት ከሆነ ግን ስታነሺ ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ ከወገብሽ አትጉበጪ።

እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ ገብቷል፤ የጓሮው ጋን እስከ አፉ ሞልቷል። የቧንቧ ውሃ በአራት ቀን አንዴ ይመጣል። መብራት ጠዋት ይሄድና ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ የማይመለስበትም ቀን አለ። ማንጎ ዘንድሮ ስለበዛ የሚበላው ጠፍቶ በየደጁ ይበሰብሳል። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። አሁን «የእኔን ጉልበት ማን ጠየቀህ? ይኼን አልጽፍም» አለችኝ። ቃሏን አስታወስኳት። ጻፈችው።

የእኔ ዓይን ግን ሄዷል። ዙሪያውን አያለሁ፤ የማየውን ነገር መሃሉን ነው የማላየው። አንቺ ፊቴ ብትቆሚ ጆሮሽንና ትከሻሽን አያለሁ፣ ፊትሽን አላይም። ሐኪሟ ከእንግዲህ አይመለስም አለችኝ፤ ሳታንዛዛ ስለነገረችኝ አመሰገንኳት። ከዚህ በፊት የላክሁልሽን ሦስት ደብዳቤዎች በራሴ እጅ ነበር የጻፍኳቸው። በሦስቱም ውስጥ ስለ አየሩና ስለ ጤና ብቻ ነው ያወራሁት። ስላልመለስሽልኝ አልተቀየምኩሽም፤ መልስ የሚያሻው ነገር አልነበረባቸውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የማወራው የስፓኒሽ ትርጉሙን አንቺ ትመሪው ስለነበረው ስለዚያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ መመሪያ ነው። አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ዛሬ እኔ ተማሪ ልሁንና ትምህርቴን ልድገምልሽ። በልቤ ውስጥ ሆነሽ አርሚኝ።

በዚያ ቋንቋ ማሽኑ እንዲጽፈው የምንፈልገው ነገር በጥቅስ ምልክት መካከል ይቀመጣል። ወደ ኋላ ያዘነበለችው ጭረት እዚያ ውስጥ ስትገባ እንደ ሌሎቹ ምልክት አይደለችም፤ ለማሽኑ «ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል እንዳለ አትውሰደው» ብላ ትናገራለች። ከኋላዋ «ኤኔ» የምንለው ፊደል ከመጣ ማሽኑ «ኤኔ»ን አይጽፍም፤ አዲስ መስመር ይጀምራል። «ቴ» ከመጣ ክፍተት ይዘላል። ታዲያ ጭረቷን ራሷን መጻፍ የፈለገ ሰው ምን ያድርግ? ሁለት ጊዜ ይጽፋታል። የፊተኛዋ የኋለኛዋን ተራ ምልክት ታደርጋታለች፤ ማሽኑም አንዲት ብቻ ያወጣል። ስለዚህ በመመሪያው ውስጥ ሁለት ሆነው የቆሙት ጭረቶች በሙሉ አስቦ የጻፋቸው ሰው አለ። አንዷ ብትጎድል ምሳሌው ይፈርሳል።

ይህን ዛሬ አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት በኤፕሪል አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነበር። ያኔ በማጉሊያ መነጽር ጋዜጣ ማንበብ እችል ነበር። አጠገቤ ማይዴሊን የምትባል ሴት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ በዳቦ ፋብሪካው ሊጥ የምታቦካ፣ ወደ አርባ የሚጠጋት። ቢሮ ውስጥ ቦታ ቢለቀቅላት ብላ ከሥራ በኋላ ብቻዋን ትማራለች። የምትማረው ከዚያው መመሪያ ነው፤ ከሰው ሰው በፍላሽ እየተገለበጠ እሷም ዘንድ ደርሷል። ፋይሎች የተቀመጡበትን አቃፊ ስም አስጽፍ የሚል ምሳሌ ነበር፣ በ«ኤኔ» የሚጀምር፣ «ኖታስ» የሚባል አቃፊ። ማሽኑ ስሙን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን በሚቀጥለው መስመር ያወጣባታል። «መምህር፣ እስኪ ይዩልኝ» አለችኝ። «አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። አንድ ነጥብ አላጎደልኩም። እንዳለ ነው የገለበጥኩት።» አየሁት። አንድ ነጥብ አላጎደለችም። ገና መልስ ሳልሰጣት ሳቀችና «ይተዉት፣ ጭንቅላቴም እንደ እጄ ዱቄት ሆኗል፤ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብላ ደብተሯን ዘጋች።

ተማሪ መጽሐፉ ተሳስቷል ብሎ አያስብም። ራሱን ነው የሚጠረጥረው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዋስው አስተምሬ ይህን አላውቅም ልልሽ አልችልም። ስሕተቱ የመጽሐፉ እንደሆነ ግን ለማይዴሊን አልነገርኳትም። በማግስቱ ወደ እናትሽ ቤት ሄድኩና «አበልጄ፣ ድምፅሽን አውሺኝ» አልኳት።

እናትሽ በሲጋራ ፋብሪካው ከፍ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትምባሆ ለሚጠቀልሉት ሠራተኞች ሃያ ስድስት ዓመት ጋዜጣና ልብ ወለድ ስታነብ የኖረች ሴት ናት። ዓይኔ እየደከመ ስለነበር በአሠራራችን ተስማማን፦ እሷ እያንዳንዱን ምልክት በስሙ እየጠራች ታነባለች፤ እኔ እሰማና እወስናለሁ፤ እሷ በፍላሹ ቅጂ ላይ ታስተካክላለች። ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የኮምፒውተሩ ባትሪ እስኪያልቅ። ለጭረቷ ስም ያወጣችላትም እሷ ናት። ወደ ኋላ ስላዘነበለች «ሰካራሙ» አለቻት። «ጥቅስ ክፈት። ሴ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሰካራም፣ ሰካራም፣ ኖታስ። ጥቅስ ዝጋ» ትላለች፣ መቶ ሃምሳ ሠራተኛ እንደሚሰማት ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። አንድ ጠዋት አራቱ በአንድነት ተደርድረው ስታገኝ «አበልጄ፣ ይኼ ደግሞ ሰካራም አይደለም፣ የሠርግ ቤት ነው!» አለችኝ። ጎረቤቶች በመስኮት እየመጡ «ዛሬ ስንት ሰካራም አነሳችሁ?» ይሉናል።

አሥራ አራት ወር እንዲህ ሠራን። ዘጠኝ መቶ ሁለት ቦታ አስተካክለናል። የቀረው ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥር ነው።

ለምን እንዲህ በዛ ትዪ ይሆናል፤ አንቺ ስትሄጂ ይህን ያህል አልነበረም። አንቺ ከወጣሽ በኋላ ከሌላ አገር የሆነ አንድ በጎ ፈቃደኛ አስተካክላለሁ ብሎ በመመሪያው ውስጥ ያገኘውን ጭረት ሁሉ በአንድ ትእዛዝ እጥፍ አደረገው። በዚህም አንድ መሆን የነበረባቸው ሁለት ሆኑ፤ ሳይነኩ የተረፉት አራት ሆኑ። ማይዴሊን የያዘችው ከዚህ በፊት የተገለበጠውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ምዕራፎቹ ተዘዋውረዋል፣ አዳዲስ ምሳሌዎች በላያቸው ተጨምረዋል። የድሮውን አምጥቶ መመለስ አይቻልም። አንድ አንዱን ማየት፣ ጸሐፊው ምን ለማለት እንደፈለገ መገመት፣ መወሰን ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነታችን ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይፈጃል። የሠራነውም ቢሆን ገና ፍላሹ ላይ ነው ያለው፤ የሚቀበለን የለም። ለምን እንደማይቀበሉን እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ይኸውልሽ። እናትሽ በመጀመሪያው ቀን ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ስባ ስትቀመጥ «እሺ፤ የልጄን ጥፋት አብረን እናጽዳላት» አለች። እኔም «እሺ» አልኩ።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የእኔ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በማርች የአሥራ አንዱንም ምዕራፍ ትርጉም በፍላሽ አምጥተሽ በእጄ ሰጠሽኝ። «አባባ፣ ከእርስዎ ዓይን የሚያመልጥ የለም፤ በፊደሎቹ ላይ የሚጻፈውን የድምፅ ምልክትና ነጠላ ሰረዙን ይዩልኝ» አልሽኝ። የምሳሌዎቹን ኮድ ይንኩ አላልሽኝም። እኔ ግን ሁሉንም አየሁ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ጭረቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው አገኘኋቸው። በትምህርት ቤታችን የነበሩትን የቁልፍ ሰሌዳዎች አስቢ፤ ቁልፉ እየተጣበቀ አንዴ ሲጫኑት ሁለት ይጽፍ ነበር። ፈተና በተዘጋጀ ቁጥር ድርብ ፊደል ስለቅም ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ። ልጠይቅሽ አላሰብኩም፤ ድርብ ፊደል እንዲሰረዝ ሰው የሚጠይቅ አልነበርኩም። በደብተሬ ገጽ 31 ላይ በማስመሪያ አስምሬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ድርብ ጭረት፤ የቁልፍ ስሕተት። አንዷ ትሰረዝ። በሁሉም ቦታ።» የሰረዝኩትን ሁሉ ስለምቆጥር ቁጥሩም እዚያው አለ፦ 1,346።

ፍላሹን መለስኩልሽ። አንቺ በመናፈሻው የአንድ ሰዓት የኢንተርኔት መስመር ብቻ ነበረሽ፤ ከዚያ ውስጥ አርባው ደቂቃ በመጠበቅ አለቀ። ስላመንሽኝ ሳታዪው በስምሽ ላክሽው። ኤፕሪል 14 ቀን ነበር።

ከዚያ የሆነውን አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ እኔ የሰማሁትን ብቻ ልበል። ከስምንት አገር ቅሬታ መጣ። የመመሪያው አዘጋጆች ማን እንደነካው ሲያዩ የተገኘው ያንቺ ስም ነው። ሁሉም በሚያነበው ቦታ «ተቀባይነት የሌለው ግድየለሽነት» ብለው ጻፉብሽ። የመግቢያ ፈቃድሽን ወሰዱ። ለዓመት ቃል የገቡልሽን ሥራ፣ ዜናውን ስትሰሚ በመንገድ ላይ እየሮጥሽ መጥተሽ የነገርሽኝን ያንን ሥራ፣ ሰረዙት።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በሬ ላይ መጣሽ። አልተቀመጥሽም። «አባባ፣ ድርብ ጭረቶቹን ነክተዋቸው ነበር?» አልሽኝ። «እኔ የነካሁት የድምፅ ምልክትና ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው» አልኩሽ። በዚያች ደቂቃ እውነት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ይህን እመኚኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አልሸፍንም። አንቺ ስትወጪ ደብተሬን አወረድኩ፤ የተናገርኩትን ነገር በጽሑፍ ሳላመሳክር አላድርም። ገጽ 31ን ከፈትኩ። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር። መንገዱ ላይ ሮጬ ብወጣ ጥግ ሳትታጠፊ እደርስብሽ ነበር።

የሄድሽው ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

እያንዳንዱን ቀን አስታውሳለሁ። በሁለተኛው ቀን ደብተሩን ከመደርደሪያው አንስቼ ፍራሼ ሥር አደረግኩት። በአራተኛው ቀን የተዋስሽውን ሻንጣ እየጎተትሽ በደጄ አለፍሽና እጅሽን አነሳሽልኝ፤ እኔም አነሳሁ። በስድስተኛው ቀን እናትሽ መጥታ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። «አበልጄ፣ አንተ አትዋሸኝም፤ እውነት ልጄ ናት ያጠፋችው?» አለችኝ። «ጎበዝ ናት፤ ግን ትቸኩላለች» አልኳት። በዘጠነኛው ቀን ጥቁር ባቄላና ሩዝ ተሠርቶ፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ የአሳማ ሥጋም ተገኝቶ፣ የመሸኛሽ ምሳ ተበላ። መርቅ ተባልኩ። መረቅኩ። እናትሽ ያን ቃል የተናገረችሽ እዚያ ገበታ ላይ ነው፦ «እንደ አባትሽ ነሽ፤ ነገር ሁሉ በግማሽ።» አንቺ ወደ እኔ ነው ያየሽው። ምናልባት የክርስትና አባቴ አንድ ነገር ይልልኛል ብለሽ ይሆናል። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። ያን ቀን ዓይኔ ደኅና ነበር፤ እንዴት እንዳየሽኝ አይቻለሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእናትሽ አንዲት ቃል አልጻፍሽላትም። ያንን ቃል ከእሷ አፍ ስለሰማሽው የእሷ መሰለሽ። እሷም ከእኔ ውሸት የመጣ መሆኑን አታውቅም ነበር። «ትቸኩላለች» ያልኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ እናትሽ መጻፍ አቆመች። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ወደ ጓሮ ወጣች፤ ቆርቆሮው ጣሳ ከጋኑ አፍ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልሰማሁም። ስንት ሰዓት እንደቆየች አላውቅም፤ ሰዓቴን አላየውም። ልነሳና ልፈልጋት አሰብኩ፣ መልሼ ቁጭ አልኩ። ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ነበር፤ መብራት ሲሄድ እሱም ጸጥ አለ።

ተመልሳ ገባች። ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። የት እንደደረስን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። «'ትቸኩላለች' ላይ» አለችኝ። የፋብሪካው ድምፅዋ አልነበረም።

የሚሰማትን ሁሉ እንድትናገረኝ፣ ብትሰድበኝም እንደምቀበል ነገርኳት። ወረቀቱን ስታስተካክል ሰማሁ። «ይቀጥሉ፣ መምህር» አለችኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አበልጄ ናት። በነዚህ ዓመታት ውስጥ በአንተ እንጂ በእርስዎ ጠርታኝ አታውቅም። አሁን የተናገርኩትንም ጻፊው አልኳት። እየጻፈችው ነው።

ስለዚህ እቀጥላለሁ።

በፌብሩዋሪ፣ በማጉሊያ ማየት የቻልኩበት የመጨረሻው ወር፣ ለመመሪያው አዘጋጆች እውነቱን ጽፌ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አያይዤ ላክሁ። መልሱ በማርች መጣ። ማይዴሊን አነበበችልኝ፤ የዚያኑ ዕለት ያ ስሕተት የእሷ እንዳልነበረ ነገርኳት። «አሥራ አንድ ጊዜ!» አለች፤ ቀጥላ «ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ አሥራ ሁለተኛውን እሞክር ነበር» አለችኝ። አሁን አትማርም። የቢሮው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። መልሳቸው በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፦ እናዝናለን፣ ነገር ግን ማንነትዎን የምናረጋግጥበት የለንም፤ ማስተካከያው የገባው በእሷ ስም ስለሆነ የስሙ ባለቤት ራሷ ካልጻፈችልን መዝገቡን መለወጥ፣ ከእርስዎም እርማት መቀበል አንችልም። በተጨማሪም የስፓኒሹ መመሪያ ኃላፊ ስለሌለውና ስሕተቱ ስለበዛ ጁን 30 ቀን ይነሳል። ሲነሳ መዝገቡም እንዳለ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይከፍተውም።

መልሱ ከመጣ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ለምን እስከ ዛሬ እንደቆየሁ ጠይቂኝ። አዘጋጆቹን ሩቅ ያሉ የማላያቸው ሰዎች ስለሆኑ ደፈርኳቸው። ላንቺ ለመጻፍ ግን የሚጽፍልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ማይዴሊን እጽፍልዎታለሁ ብላኝ ነበር። ከእናትሽ እጅ በቀር በሌላ ሰው እጅ ብጽፈው ግን እሷ እንደገና ከኋላ የምትሰማው ይሆናል ብዬ እንቢ አልኩ። ትክክል አድርጌ እንደሆነ አሁን አላውቅም። እስክሪብቶው በጣም እየተጫነ ሲሄድ እሰማለሁ።

ተስፋ ልሰጥሽ ብዬ አልዋሽሽም፤ ብዙ ዋሽቻለሁ። ያ ሥራ አይመለስም። መዝገቡ ቢስተካከል ማንም በማያነበው ጥግ ላይ አንዲት መስመር ትጨመራለች፣ ሌላ ምንም አይሆንም። መመሪያውም ይነሳል፤ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥሩን በሃያ ስድስት ቀን ማዳረስ አይቻልም፣ አስልቼዋለሁ። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት እናትሽ ትመጣ እንደሆነም አልጠየቅኳትም። ያለ እሷ አንድም ማንበብ አልችልም።

ነገር ግን ያቺ አንዲት መስመር ስምሽ የሚጠራባት ናት። ሰው ስምሽን ፈልጎ ሲያገኝ «ግድየለሽነት» የሚለውን ብቻ እንዳያገኝ እፈልጋለሁ። ገጽ 31ን ከደብተሬ ቀድጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌዋለሁ። ከደብተር ወረቀት ስቀድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሲቀደድ ጠርዙ ተበላሽቶ ከሆነ ይቅርታ፣ በእጄ ዳብሼ ነው። ከእሱ ጋር «የኤፕሪል 14ቱ ስረዛ የክርስትና አባቴ ሥራ ነው፤ የእኔ አይደለም» ብለሽ ላኪላቸው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ልትከላከዪልኝ አትሞክሪ፤ ሽማግሌ ነው፣ አላወቀም አትበዪ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አላወቅኩም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አውቄአለሁ።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍም። ስትጠመቂ ይዤሽ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ለካህኑ ስለ አንቺ የመለስኩትን ቃል ሁሉ በዚያ ምሳ ላይ አፍርሼዋለሁ። ይቅርታ ከእኔ ይልቅ ለእናትሽ ይገባታል፤ እሷ የተናገረችው ከእኔ የሰማችውን ነው። ከፊርማዬ በታች ሦስት መስመር ባዶ እንድትተው ነግሬያታለሁ፤ የሷ ነው። የምትለው ካላት ትጻፍበት። ጻፈችበትም ተወችውም እኔ አላየውም፣ አልጠይቃትምም። አንቺ ታዪዋለሽ።

ብርድ አይንካሽ። የምታነሺው ሁሉ ይቅለልሽ። በሄድሽበት ሁሉ ስምሽን በትክክል የሚጠራ ሰው አይጥፋብሽ። እግዚአብሔር ከእኔ የተሻለ ጠባቂ ያቁምልሽ።

ከጁን 30 በፊት ለአዘጋጆቹ ጻፊላቸው። ለእኔ ባትጽፊም ግድ የለም፣ ማንበብ አልችልም። ለእናትሽ ግን ጻፊላት። ኢግናሲያ ከሞንቴቪዴዮ የምትመለሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ በእሷ እጅ መልስ ላኪ። እለምንሻለሁ፣ ቶሎ መልሺ።

የክርስትና አባትሽ